ሊስቱ መልስን ወዴት ይምራ? ከደሴ የተጻፈ የአስተዳዳሪ ተሞክሮ

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ደሴ ላይ የጀመርነው የክፍት ምንጭ ሥራ የአማርኛ ሆሄ ማረሚያ ነው። ሰው ሲጽፍ የተሳሳተውን ቃል በቀይ የሚያሰምር፣ ትክክለኛውንም አጻጻፍ የሚጠቁም ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የቃላቱንም ዝርዝር የፈለገ ሁሉ ሊያርመውና ሊጨምርበት ይችላል። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከአዲስ አበባና ከአገር ውጭ ያሉ ከመቶ በላይ አባላት የሚነጋገሩት በአንድ ሜይሊንግ ሊስት ነው። ወደ ሊስቱ አድራሻ የተላከ ኢሜይል ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል፤ ቅጂውም ማንም ገብቶ ሊያነበው በሚችል መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። የዚህ ሊስት አስተዳዳሪ እኔ ነኝ። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ የመሰለኝ፣ ኋላ ግን ሰው ያሳዘንሁበት አንድ ቅንብር አለ፤ እሱም አንድ አባል «ሪፕላይ» የሚለውን ሲነካ መልሱ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ነው። እንዲህ ያለ ሊስት ተረክቦ ይህን ቅንብር ለመነካካት ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔ የሄድሁበትን መንገድ ሳይሄድ እንዲያውቀው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከኢሜይሉ ራስጌ ልጀምር። እያንዳንዱ ኢሜይል ከጽሑፉ በላይ ብዙዎቻችን ልብ የማንላቸው መስመሮች አሉት። «ፍሮም» የሚለው ላኪውን፣ «ቱ» የሚለው ተቀባዩን ይናገራል። «ሪፕላይ ቱ» የሚባል ሌላ መስመርም አለ፤ መኖሩ ግዴታ አይደለም፣ ካለ ግን አንባቢው «ሪፕላይ» ሲነካ ፕሮግራሙ መልሱን የሚልከው ወደ «ፍሮም» አድራሻ ሳይሆን ወደዚህኛው ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው አርኤፍሲ 822 በተባለው የኢሜይል ደንብ ውስጥ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5322ም ይዞት ቀጥሏል። ደንቡ የሚለው በአጭሩ፣ መልስ ወዴት ቢላክለት እንደሚመርጥ በዚህ መስመር የሚያመለክተው የመልእክቱ ጸሐፊ ነው። ክርክሩን ሁሉ የወለደው «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ነው። ሊስቱ የሚሠራው የማድረስን ሥራ ነውና ጸሐፊ አይባልም፤ በዚህ መስመር ላይ የራሱን አድራሻ ሲጽፍበት ግን በጸሐፊው ስም ይናገራል።

የእኛ ሊስት በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሜይልማን በተባለው፣ ራሱም ክፍት ምንጭ በሆነ ፕሮግራም በ2.1 ዝርያው ነበር። በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ መልስ ወዴት እንዲሄድ እንደምንፈልግ የሚጠይቅ ቦታ አለ። መልሱ ለላኪው ብቻ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ሊስቱ ሊሄድ ይችላል፤ ወይም አስተዳዳሪው ወደሚሰጠው ሌላ አድራሻ ሊመራ ይችላል። ገጹ ራሱ ለአብዛኞቹ ሊስቶች የመጀመሪያውን አጥብቆ ይመክራል። ከዚህ ጋር የተያያዘች፣ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለች፤ ላኪው ራሱ ያስገባው «ሪፕላይ ቱ» ካለ ሊስቱ ይሰርዘው ወይስ ይተወው ትላለች። ሊስቱን ስረከብ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህልም አልነካሁትም።

የነካሁት በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ከአባሎቻችን መካከል ደሴ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉ፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። የቃላት ዝርዝራችን ከማንም ይልቅ የቆመው በእሳቸው ዕውቀት ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበርና ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። ቡና እየተጠጣ ሳለ ከራስጌያቸው አንድ ባለ መስመር ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ገጽ በእርሳስ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ ሰዎች እንደሚጽፉት «ሃይል»፣ «አመት»፣ «ንጉስ»፣ «ጸሀይ» ተብሎ፣ በቀኝ ደግሞ «ኀይል»፣ «ዓመት»፣ «ንጉሥ»፣ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የግእዝ ምንጩ በቀጭን እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ስገረም አይተው፦

«ይኸን ሁሉ እኮ ልኬላችሁ ነበር፤ አላያችሁትም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ስልካቸውን ተቀብዬ የላኳቸውን ኢሜይሎች አየሁ። በሦስት ወር ውስጥ የጻፏቸው 47 መልሶች ነበሩ። አንዱም ወደ ሊስቱ አልመጣም። አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ በሊስቱ ላይ ጥያቄ ሲያነሣ እሳቸው «ሪፕላይ» ይነካሉ፤ መልሱ ለተማሪው ብቻ ይሄዳል። ተማሪው አመስግኖ ዝም ይላል፤ እኛ ደግሞ መምህሩ ደከማቸው መሰለን ብለን ዝም እንላለን። ቅር የተሰኙት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ያህል ጽፈው ከተማሪው ምስጋና በቀር አንድም ሰው ያልመለሰላቸው የተናቁ መስሏቸው ነበር።

ከቤታቸው ስወጣ ውሳኔዬን ወስኜ ነበር። በዚያው ምሽት ወደ አስተዳዳሪው ገጽ ገብቼ መልስ ሁሉ ወደ ሊስቱ እንዲሄድ አደረግሁ። የላኪውን «ሪፕላይ ቱ» ይሰረዝ ወይ ለሚለውም «ይሰረዝ» ብዬ መለስሁ፤ ሁለት አድራሻ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሰውን ያደናግራል ብዬ ነው። ማንንም አላማከርሁም። ለአባላቱ የጻፍሁት ማስታወቂያ ሁለት መስመር ነበር፤ ስንቱ እንዳነበበው አላጣራሁም።

ቀጥሎ የመጡት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። መዝገቡ ሞላ፤ የመምህሩ ማብራሪያ ለሁሉም ደረሰ፤ ዝም ብለው ያነቡ የነበሩ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። «አብሽር» የሚለው ቃል ወደ ዝርዝሩ ይግባ አይግባ በሚል የተደረገውን ውይይት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም «አይዞህ» ለማለት ይለዋል። ከሌላ አካባቢ የሆኑት አባላት የአንድ አገር ሰው ብቻ የሚለውን ቃል ማረሚያው እንደ ትክክለኛ ቢቆጥረው ያስቸግራል አሉ፤ እኛ ደግሞ ሰው እናቱን ለማጽናናት የሚጠቀምበትን ቃል ማሽን በቀይ ሊያሰምርበት አይገባም አልን። በመጨረሻ ገባ። ቅንብሩ እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ውይይት ግማሹ በየሰዉ ሳጥን ተቀብሮ ይቀር እንደ ነበር አምናለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው የሆነው የሆነው። ፊደላቱን ለበጎ ፈቃደኞች አከፋፍለን ነበርና ማን የት እንደ ደረሰ እንዲነግረኝ በሊስቱ ላይ ጻፍሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከ«ቀ» እስከ «ተ» ያለውን የያዘው የወልዲያው ወጣት መለሰ። «ወንድሜ» ብሎ ነው የጀመረው። ሥራውን ሊጨርስ እንዳልቻለ፣ እናቱ በኩላሊት ሕመም እንደ ተኛች፣ ለሕክምናዋ ላፕቶፑን እንደ ሸጠ፣ ከማን ምን ያህል እንደ ተበደረና እንዴት አድርጎ እንደሚከፍል እንደማያውቅ ጻፈልኝ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ለማንም እንዳትነግርብኝ አደራ» ይላል። ልቤ ተነክቶ መልስ ልጽፍለት ስል ዓይኔ ርእሱ ላይ ዐረፈ። በርእሱ መጀመሪያ ላይ ሊስታችን ለሚያልፍበት መልእክት ሁሉ በቅንፍ የሚጨምረው ስም ተቀምጧል። ለእኔ ብቻ የተጻፈ ቢሆን ያ ስም መልስ መሆኑን ከሚጠቁመው «Re:» ፊት አይኖርም ነበር።

ወዲያው ወደ ሰርቨሩ ገብቼ መልእክቱን ከመዝገቡ ለማውጣት ሞከርሁ። በዚያ ዝርያ አንድን መልእክት ማውጣት ማለት ጠቅላላውን ፋይል በእጅ አርሞ መዝገቡን እንደገና መገንባት ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ግን ከመቶ በላይ ቅጂ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ይባስ ብሎ፣ እኔ መዝገቡን ሳስተካክል ሁለት ደግ ሰዎች «አይዞህ ወንድማችን» ብለው መለሱለት፤ ቅንብሩ ያው ነውና የእነሱም መልስ ለሁሉም ሄደ፤ ከሥሩም የልጁ ደብዳቤ ሙሉ በሙሉ ተጠቅሷል። ሦስተኛው ደግሞ ገንዘብ እናዋጣ ብሎ ጻፈ። የሚጽፉት ሁሉ ከልባቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ቸር ቃል ግን ያን ገመና እንደገና ከመቶ ሰው ደጅ ያደርሰው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው በኢሜይል እንዴት እንደሚብስ ያን ሌሊት አየሁት።

በሳምንቱ ቅዳሜ መምህሩን ይዤ ወልዲያ ሄድሁ። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ያልፋል። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምለው ሳወጣና ሳወርድ ነበር። ልጁ ገና ከበር ሲቀበለን «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የምልክበትን አድራሻ አላየሁም» አለ። ይህን በፍጹም ልቀበለው አልቻልሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቁልፍ እየነካ ለእኔ ብቻ ሲጽፍ ኖሯል፤ ጣቱ የለመደውን መንገድ ነው የሄደው፤ መንገዱን ያዞርሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተው ኖሮ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ሰው ይማርበት እንደሆነ ጻፈው ብሎ ኋላ የፈቀደልኝ ልጁ ራሱ ነው።

ከወልዲያ እንደ ተመለስሁ ቅንብሩን ወደ ላኪው መለስሁት፤ «ይሰረዝ» ያልሁትንም «ይቆይ» አልሁ። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሜ በሊስቱ ላይ ጉዳዩን አቅርቤ ሁለት ሳምንት ተወያየንበት። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የግል ደብዳቤ ወደ አደባባይ የሚወጣው በስንት ጊዜ አንድ ቀን ነው፣ ዕውቀት በየሳጥኑ ሲቀር የምንጎዳው ግን በየቀኑ ነው አሉኝ። ክርክሩ እውነት አለው። እኔ የመለስሁላቸው በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለውን ልዩነት አሳይቼ ነው። የመምህሩን 47 መልሶች እሳቸውና ተማሪው ፈቅደው በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሊስቱ አዛወርናቸው፤ አንድም ቃል አልጠፋም። የልጁን አንዲት መልእክት ግን ማንም ኀይል መልሶ ሊሰበስባት አልቻለም። ለአንድ ሰው ብቻ በስሕተት የሄደን ነገር «ይህን ለሊስቱም ላክልን» በሚል አንድ መስመር ማቃናት ይቻላል፤ ለሁሉም በስሕተት የሄደን ነገር የሚያቃና ቁልፍ ግን የለም። ሁለቱ ስሕተቶች በብዛታቸው ሳይሆን መጠገን በመቻላቸው ሊመዘኑ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የልጁ ነገር ጎልቶ ስለ ታየ እንጂ ያ ቅንብር ሌላም ጉዳት አድርሶ ነበር፤ ኋላ መዝገቡን ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት። አባል ያልሆነ ሰው አንድ ጊዜ ፕሮግራሙ አልጫን እንዳለው ገልጾ ጻፈ። አራት ሰዎች ተሽቀዳድመው መፍትሔውን ነገሩት። አራቱም «ሪፕላይ» ነበር የነኩት፤ መልሱ ወደ ሊስቱ ሄደ፤ ሰውየው ግን አባል አይደለምና አንዱም አልደረሰውም። ሳምንት ቆይቶ ሌላ ደብዳቤ ላከ፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየው መስሎት እንዳዘነ ከጽሑፉ ይታያል። ለደኅንነት ክፍተት ጥቆማ መቀበያ ሊስት ያላቸው ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል፤ ጥቆማውን የሚያመጣው ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አባል ያልሆነ ነው። የ«ይሰረዝ»ንም ዳፋ ያየሁት በዚሁ ጊዜ ነው። አንድ አባላችን ከመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይልካል፤ መቀበል የሚችለው ግን በግል አድራሻው ብቻ ስለሆነ በ«ሪፕላይ ቱ» ላይ እሱን ያስገባል። እኔ ያን መስመር ስሰርዝበት ለብቻው ሊጽፍለት የፈለገ ሰው ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይጽፍ ነበር።

በውይይቱ ወቅት አንዱ አባል ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች እንዴት ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው በጣም ጠቀመን። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሊስቶችና በሊኑክስ ላይ የተገነባው የዴቢያን ሊስቶች ሁለቱም የ«ሪፕላይ ቱ»ን መስመር አይነኩም። ልማዳቸው ግን ተቃራኒ ነው። በከርነሉ ሊስቶች ሰው ለሁሉም ይመልሳል፣ በውይይቱ ያለ ማንም ቅጂ የሚላክላቸው ሰዎች ከሚጻፉበት ከ«ሲሲ» መስመር እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ አባል ሳይሆኑ መጻፍ ስለሚቻል አንድን ሰው ከዝርዝሩ ማውጣት ከውይይቱ ማስወጣት ነውና። በዴቢያን ደግሞ መልሱ ወደ ሊስቱ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ካልጠየቀ በስተቀር ለእሱ ለብቻው ተጨማሪ ቅጂ አይላክም። አንድ ዓይነት ቅንብር ይዘው ሁለት የተለያየ ልማድ ማቆማቸውን ስናይ፣ የመምህሩ ደብዳቤ የጠፋብን ቅንብሩ ስሕተት ስለ ነበረ ሳይሆን እኛ ምንም ልማድ ስላላቆምን መሆኑ ገባኝ። አንድም ቀን ለማንም እንዲህ አድርጉ ብለን አልተናገርንም ነበር።

ስለዚህ ሥራው እዚያ ላይ ሆነ። አዲስ አባል ሲገባ የሚደርሰው የእንኳን ደህና መጡ ደብዳቤ በዚህ ይጀምራል፦ «በዚህ ሊስት ‹ሪፕላይ› የጻፈውን ሰው ብቻ ያገኛል፤ ‹ሪፕላይ ኦል› ሁሉንም ያገኛል። ስለ ሥራው ከሆነ ሁለተኛውን ይንኩ። የግል ጉዳይ ከሆነ ከመላክዎ በፊት ‹ቱ› የሚለውን መስመር ያንብቡ።» የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በአጭሩ በየመልእክቱ ግርጌም ይወጣል። ከአባላቱ ብዙዎቹ የሚጽፉት በስልክ፣ በጂሜይል ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በጂሜይሉ አጠቃላይ ቅንብር ውስጥ መልስ በነባሪነት ለአንድ ሰው ይሁን ወይስ ለሁሉም የሚል ምርጫ አለ፤ በኮምፒዩተሩም ላይ አለ። ይህን ምርጫ አባሉ ራሱ አውቆ በገዛ ስልኩ ሲያደርገው፣ እኔ በመቶ ሰው ስም በሰርቨሩ ላይ ከማደርገው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ለመምህሩ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አስተካከልሁላቸው፤ የግል ደብዳቤ ሲጽፉ ግን ሌላውን እንዲነኩ ሦስት ጊዜ አለማመድኋቸው። በኮምፒዩተር ለሚጽፍም ሰው ጂሜይል የተላከን መልእክት እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ይዞ እንዲያቆይ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይነኩት 5 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ከፍ አድርጉት እላለሁ።

ከሁሉም የተሻለው መሣሪያ ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ያለው «ለሊስቱ መልስ» የሚለው ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ሊስቱ በራስጌው ላይ «ሊስት ፖስት» የሚባል መስመር ካኖረ ቁልፉ ብቅ ይላል፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1998 በአርኤፍሲ 2369 የተደነገገ ነው፣ ሜይልማንም በራሱ ይጽፈዋል። «ሪፕላይ ቱ» የጸሐፊው ሆኖ ይቀራል፣ የሊስቱ አድራሻ የራሱን መስመር ያገኛል፣ ማንም በማንም ስም አይናገርም። ጂሜይል ግን ይህ ቁልፍ የለውም፤ የእኛን አገር የስልክ ተጠቃሚ ያላዳረሰ መፍትሔ ለእኛ ግማሽ መፍትሔ ነው።

«ሪፕላይ ኦል» ልማድ ሲሆን ሁለት ቅሬታ ይመጣል፤ ሁለቱንም ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። አንደኛው፣ ጸሐፊው አንድ ቅጂ በቀጥታ፣ አንድ ቅጂ በሊስቱ በኩል ይደርሰዋል። ሜይልማን አድራሻው በ«ቱ» ወይም በ«ሲሲ» ላይ ላለ አባል የሊስቱን ቅጂ እንዳይልክ የሚያደርግ የአባል ምርጫ አለው፤ ነገር ግን የሚቀረው በቀጥታ የመጣው ስለሆነ፣ የሊስቱን ደብዳቤ በፎልደር የሚለይ ሰው እዚያ ሳያገኘው ይደነግጣል። ሁለተኛው፣ ጂሜይል አንድ ሰው ራሱ ወደ ሊስቱ የላከውን መልእክት ተመልሶ ሲመጣ አያሳየውም። አዲስ አባላት መልእክታችን አልደረሰም እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይልኩ ነበር፤ አሁን ከመዝገቡ አረጋግጡ እንላቸዋለን።

ቅንብሩን አስተካክዬ ጨረስሁ ባልሁበት ጊዜ ከሌላ አቅጣጫ አንድ ነገር መጣ። ዲማርክ የሚባል አሠራር አለ፤ የአንድ ድርጅት የኢሜይል አድራሻ ባለቤት «በእኔ ስም የመጣ፣ ነገር ግን ማረጋገጫውን ያላለፈ ደብዳቤ ካያችሁ አትቀበሉ» ብሎ ለተቀባዮች የሚያውጅበት ነው። ሊስት ደግሞ ደብዳቤውን ከራሱ ሰርቨር ይልካል፣ በርእሱ ላይ ስም በግርጌው ላይ ማሳሰቢያ ይጨምራል፤ ስለዚህ ማረጋገጫው ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ያሁ፣ በዚያው ወርም ኤኦኤል እንዲህ ያለውን ጥብቅ ዐዋጅ ሲያወጡ በዓለም ዙሪያ የሊስቶች ሥራ ተናጋ፤ ተቀባዮቹ ደብዳቤውን እየመለሱ ሲልኩ ሊስቶቹ ምንም ያላጠፉትን አባላት አድራሻቸው አይሠራም ብለው ያግዱ ነበር። ሜይልማን ያመጣው መላ እንዲህ ካለ አድራሻ የመጣ መልእክት ሲሆን በ«ፍሮም» ላይ የሊስቱን አድራሻ ጽፎ ከፊቱ «እከሌ፣ በሊስቱ በኩል» የሚል ስም ማስቀመጥ ነው። መልስ ለላኪው በሚሄድበት ሊስት የጸሐፊው እውነተኛ አድራሻ ወደ «ሪፕላይ ቱ» ይዛወራል፤ «ሪፕላይ» እንደ ልማዱ ጸሐፊውን ያገኘዋል። ሊስታችን የጸሐፊውን መስመር የሚተወው መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የኢሜይል ፕሮግራሞች ደብዳቤ የመጣበትን ስምና አድራሻ በራሳቸው ይመዘግባሉ። አንድ ምሽት ለአንድ አባላችን ስለ ግል ጉዳዩ ልጽፍለት ስሙን መጻፍ ስጀምር ፕሮግራሙ ስሙን አሟልቶ ሰጠኝ። የሚታየው ስሙ ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው አድራሻ ግን የሊስቱ ነበር። ከወልዲያው ነገር በኋላ «ቱ»ን ሳላነብ ስለማልክ ያዝሁት። ይህ «ሪፕላይ»ን ከነጭራሹ ሳይነኩ የሚፈጠር ስሕተት ስለሆነ በሰርቨሩ ላይ የሚደረግ መከላከያ የለውም፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ሲደረግ ለአባላቱ መንገርና ከአድራሻ መዝገባቸው እንዲሰርዙት ማሳሰብ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው ምርጫ፣ መልስን ወደ ሌላ አድራሻ መምራት፣ ለውይይት ሊስት የማይሆን ቢሆንም ቦታ አለው። አዲስ ዝርያ ሲወጣ ብቻ የምንጽፍበት የማስታወቂያ ሊስት አለን፤ በእሱ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ወደ ውይይት ሊስቱ እንዲሄድ አድርገናል። ኮድ ሲለወጥ ማሽን በራሱ የሚልከው ማሳወቂያም እንዲሁ ነው፤ ለማሽን የተላከ መልስን የሚያነብ የለምና። በሁለቱም ላይ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ በደብዳቤው ግርጌ ተጽፏል።

ስለ «በዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ» መልሶችም ልጨምር። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ አርኤፍሲ 3834 እንዲህ ያለ የማሽን መልስ «ሪፕላይ ቱ»ን ሳይሆን ያልደረሰ ደብዳቤ የሚመለስበትን አድራሻ እንዲከተል ይመክራል፤ ደንቡን የማይከተሉ ፕሮግራሞች ግን አሉ። መልስ ሁሉ ወደ ሊስቱ በሚሄድበት ጊዜ አንድ አባላችን ለበዓል ሲወጣ እንዲህ ያለ መልስ ሦስት ጊዜ ለሁላችን ደርሶናል፤ ቅንብሩን ከመለስሁ ወዲህ አልደረሰም።

አሁን ሰርቨሩ በታደሰ ወይም ሜይልማን በተለወጠ ቁጥር አንድ ሙከራ አደርጋለሁ፤ ወደ 3ኛው ትውልድ ሜይልማን ስንዛወርም ከምንም በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሦስት አድራሻ እይዛለሁ፤ አንዱ ተራ አባል፣ አንዱ የራሱን «ሪፕላይ ቱ» ያስገባ አባል፣ አንዱ አባል ያልሆነ። ከሦስቱም ወደ ሙከራ ሊስት እጽፋለሁ፤ ለእያንዳንዱ በ«ሪፕላይ»ም በ«ሪፕላይ ኦል»ም እመልሳለሁ፤ ስድስቱ መልሶች የት የት እንደ ደረሱ የመምህሩን ደብተር በመሰለ ለሁለት በተከፈለ ገጽ ላይ እመዘግባለሁ። በመጨረሻ የምከፍተው ሁልጊዜ አባል ያልሆነውን ሳጥን ነው። እዚያ ለእሱ የተጻፉት ሁለቱም መልሶች ከሌሉ ለአባላቱ አንድም ደብዳቤ አልለቅም።